የግል ወይስ የመንግሥት? በጎጃም ለልጅዎ መዋዕለ ሕፃናት ሲመርጡ የሚሄዱበት መንገድ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም ነሐሴ ሲጋመስ የወላጆች ወሬ አንድ ነው፦ ልጁን የት እናስገባው? ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው «የግል ይሻላል ወይስ የመንግሥት?» ተብሎ ነው። እኔ የአንደኛ ክፍል መምህርት ስለሆንሁ በየመስከረሙ ከሁለቱም የመጡ ልጆችን እቀበላለሁ። ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚጠቅመው የሚሰማውን በቃላት መናገሩ፣ ተራውን መጠበቁ፣ እርሳስ አያያዝ ማወቁ፣ የሰማውን ተረት መልሶ መንገሩ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲፈልግ ሳይፈራ መጠየቁ ነው። ይህን ይዘው የሚመጡ ልጆች ከግልም ከመንግሥትም አሉ፤ ሳይዙ የሚመጡትም እንዲሁ። ስለዚህ ምክሬ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ለጊዜው ይተዉትና ልጅዎ ቀኑን አብሯት የሚውለውን መምህርትና እሷ የምታናግርበትን ቋንቋ ይምረጡ የሚል ነው። ገንዘቡንና መንገዱን ደግሞ ከምዝገባ በፊት ያስሉ። እንዴት እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

ደረጃ 1፦ ዕድሜውን ያረጋግጡ

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎታል። ልጁ 5 እና 6 ዓመት ሲሆነው ይህን ይማራል፣ 7 ዓመት ሲሞላው አንደኛ ክፍል ይገባል። ብዙ የግል መዋዕለ ሕፃናት ግን ከዚህ ቀደም ብለው ይቀበላሉ፤ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ እያሉ የሦስት ዓመት ደረጃ ያወጣሉ።

ልጅዎ 3 ወይም 4 ዓመቱ ከሆነ ገና ከግልና ከመንግሥት አልደረሱም። መጀመሪያ የሚመልሱት፣ ልጁ አሁን ከቤት መውጣት አለበት ወይ የሚለውን ነው። እናትና አባት ሥራ ውለው የሚጠብቀው ሰው ከሌለ አዎ፣ ጥሩ መዋያ ይፈልጉለት። አያት ካለች፣ ግቢ ውስጥ የጎረቤት ልጆች ካሉ፣ ተረት የሚነግረውና ጥያቄውን የሚመልስለት ሰው ካለ ግን አንድ ዓመት ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም። በ5 ዓመቱ ዩኬጂ ጨርሶ አንደኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ከጎኑ ካለው የ7 ዓመት ልጅ ጋር እኩል ለመጻፍ ሲታገል ማየት ልብ ይሰብራል። ጣቶቹ ገና አልጠነከሩም፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የልደት ምስክር ወረቀቱን በዚሁ ጊዜ ያውጡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ልጅዎ ከዚያ በኋላ ስለተወለደ በቀበሌው መመዝገብ ይችላል። የክትባት ካርዱንም ይፈልጉት። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛው የሚዘነጋው ስለሚበዛ በካርዱ ላይ መኖሩን ይዩ፣ ከሌለም ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ደረጃ 2፦ በአካባቢዎ በእርግጥ ምን እንዳለ ይወቁ

«የመንግሥት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። በከተማ ራሱን ችሎ የቆመ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ሊኖር ይችላል። በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለውን ኦ ክፍል ነው፤ ይህም አንደኛ ክፍል ሊገቡ አንድ ዓመት የቀራቸውን ልጆች የሚቀበል ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ኦ ክፍል ያሉ ትንንሾች ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር አንድ ሜዳ ይጋሩ ይሆናል፤ የእረፍት ሰዓታቸው የተለየ መሆኑን ይጠይቁ።

ከእነዚህ ሌላ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበረሰቦች የከፈቷቸው አሉ። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ኦ ክፍል ላልደረሳቸው ልጆች በክረምት ለጥቂት ሳምንታት የሚሰጥ የዝግጅት ትምህርት አለ፤ ይህን የሚያውቀው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው።

የቄስ ትምህርት ቤቱንም አይርሱት። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማዕከላትን ያፈራ አገር ልጆች ነን፤ የጎጃም ልጅ ለዘመናት ፊደል የቆጠረው በደብር ጥላ ሥር ነው። ሀሁ፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት እያለ የሚሄደው ትምህርት ጆሮን ይስላል፣ የማስታወስ ኃይልን ያጎለብታል፣ ድምፅን አውጥቶ ማንበብን ያለማምዳል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጋር ቅዳሜ ወይም በክረምት አብሮ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ብቻውን ግን እጅ ለእጅ ተያይዞ መጫወትን፣ መሥራትን፣ መቁጠርን አይተካም። በሞጣና በሌሎች ከተሞቻችን ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦች መድረሳውን በዚሁ መልክ ያስቡት።

ደረጃ 3፦ መንገዱን በእግርዎ ይሂዱበት

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያሉት አብዛኞቹ ከተሞቻችን ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ መራዊ ሁሉ በአንዱ አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጉ ናቸው። ጭነት መኪናው ከከተማው መሐል ያልፋል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ሲያስቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ አስፋልት ይሻገራል ወይ የሚለው ይሁን። የሚሻገር ከሆነ በየቀኑ ማን እንደሚያሻግረው ስሙን ጠርተው ይወስኑ። «የሰፈር ልጆች አብረውት አሉ» በቂ መልስ አይደለም።

ባጃጅ የሚጠቀሙ ከሆነ ሾፌሩን ይወቁት፤ ስንት ልጅ እንደሚጭንም ይዩ። ደብረ ማርቆስን የመሰለ ደጋ ከተማ ላይ የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ውርጭ ከባድ ነው። በግማሽ ሰዓት መንገድ የደነዘዘ እጅ ይዞ ክፍል የገባ ልጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አያገኘውም። የሁለት ትምህርት ቤቶች ጥራት የሚቀራረብ ከሆነ ያለ ማመንታት የቅርቡን ይምረጡ።

ደረጃ 4፦ ትምህርት ሳይዘጋ ሄደው ይዩ

በነሐሴ የሚያዩት ባዶ ክፍልና የተቀባ ግድግዳ ነው። መጎብኘት ያለብዎ በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ልጆች እያሉ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በመንግሥትም በግልም ርእሰ መምህሩን ወይም ርእሰ መምህርቷን አስቀድመው ያስፈቅዱ። «ልጄን ለማስመዝገብ አስቤ ነው፣ ሩብ ሰዓት ከኋላ ተቀምጬ ብመለከት ይፈቅዱልኛል?» ማለት ነውር የለበትም። ፈጽሞ የማያስገባ ትምህርት ቤት ካጋጠመዎ ሌላውን ይዩ።

ገብተው ሲቀመጡ በመጀመሪያ ይቁጠሩ። በክፍሉ ስንት ልጅ አለ? ስንት አዋቂ አለ? ረዳት ወይም ሞግዚት አለች? መምህርቷ ብቻዋን ከሆነች አንዱ ልጅ መጸዳጃ ቤት ልሂድ ሲል ሌሎቹ ማን ጋር ይቆያሉ? በብዙ የመንግሥት ክፍሎች ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ይህ እውነት ነው፣ መደበቅም አያስፈልግም። ግን በቁጥር አይወሰኑ። ሃምሳ ልጅ ይዛ ክፍሉን በቡድን በቡድን ከፍላ፣ አንዱን ጠጠር እያስቆጠረች፣ ሌላውን ጭቃ እያስጠፈጠፈች፣ የቀሩትን በዜማ የምታሳትፍ መምህርት አይቻለሁ። ሃያ ልጅ ይዞ ሁሉንም እጅ አጣጥፈው እንዲቀመጡ ያደረገ ክፍልም አይቻለሁ።

ቀጥሎ ጆሮዎን ይስጡ። መምህርቷ ልጆችን በስማቸው ትጠራለች? ስታናግር ጎንበስ ትላለች? አንድ ልጅ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ምን ትለዋለች? ልጆቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ ወይስ የሚሰማው የጋራ ጩኸት ብቻ ነው? በጠረጴዛዋ ላይ ልምጭ ካለ ወይም አንድ ልጅ በአንድ እግሩ ቆሞ ከተቀጣ ሌላውን መመልከት ይቁምና አመስግነው ይውጡ። የትምህርት ቤቱ ስምም፣ የክፍያው ማነስም፣ ቅርበቱም ይህን አያካክስም።

ግድግዳውን ይመልከቱ። የተገዛ ፖስተር ብቻ ነው ወይስ የልጆቹ ሥዕል ተለጥፏል? በማዕዘኑ ላይ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ሰበዝ፣ ከካርቶን የተሠራ ፊደል አለ? እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሐሳብ ያላት መምህርት መኖሯን ያሳያሉ። የውጪውን ሜዳ ደግሞ ከክፍሉ እኩል ይመርምሩ። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች በመኖሪያ ቤት ግቢ የተከፈቱ ስለሆኑ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ የላቸውም። አኩኩሉ የሚጫወትበት፣ የሚዘልበት፣ የሚንከባለልበት ቦታ ያጣ የ5 ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ እረፍት ያጣል። በዚህ በኩል የመንግሥት ግቢዎች ብዙ ጊዜ ሰፋ ያሉ ናቸው።

መጸዳጃ ቤቱን ሳያዩ አይመለሱ። ጉድጓዱ ለትንሽ ልጅ የሚያሰጋ ነው? በር አለው? አጠገቡ ውኃና ሳሙና አለ? ትራኮማ በአማራ ክልል በስፋት የሚገኝ የዓይን በሽታ ሲሆን ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ከዋና መከላከያዎቹ አንዱ ነው። ውኃ የሌለው መዋዕለ ሕፃናት ልጅዎን ለበሽታ ያጋልጣል፤ የግልም ይሁን የመንግሥት ይህን ሳያፍሩ ያንሡ።

ከመውጣትዎ በፊት መምህርቷን ራሷን ጥቂት ነገር ይጠይቋት። «መምህርት፣ እዚህ ስንት ዓመት ሆነሽ? የቅድመ መደበኛ ሥልጠና የት ወሰድሽ? ልጅ ሲያለቅስብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ስላሉ ሠልጥና የመጣች መምህርት ማግኘት በእኛ አካባቢ የማይቻል ነገር አይደለም። በግል ትምህርት ቤት መምህራን በየዓመቱ የሚቀያየሩ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ደመወዛቸው ዝቅተኛ ሆኖ የተሻለ ሲያገኙ የሚሄዱ ከሆነ ልጅዎ በዓመቱ አጋማሽ የለመዳትን ሰው ያጣል።

ደረጃ 5፦ ቋንቋውን ይመዝኑ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ እናገራለሁ፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው በዚህ ነው ብዬ ስለማምን። የግል መዋዕለ ሕፃናት ከሚስቡባቸው ነገሮች ዋነኛው እንግሊዝኛ ነው። ልጁ በሁለት ወር ውስጥ የቀለማትንና የእንስሳትን ስም በእንግሊዝኛ ሲያወርድ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ እንግዳ ሲመጣም «እስቲ በልላቸው» ይባላል። ደስታው ይገባኛል። ነገር ግን የ5 ዓመት ልጅ የሚያስበው፣ የሚጠይቀው፣ የሚጣላውና የሚታረቀው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። መምህርቷ ቀኑን ሙሉ ራሷም በደንብ በማትችለው ቋንቋ ብታናግረው ልጁ ጥያቄ መጠየቅ ያቆማል። አንደኛ ክፍል ከሚመጡልኝ ልጆች ዝም የሚሉት ብዙዎቹ እንዲህ የዋሉ ናቸው፤ ፊደል ያውቃሉ፣ «ትናንት ምን አደረግህ?» ስላቸው ግን ያፍራሉ።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ አድርጓል። ስለዚህ እንግሊዝኛው አይቀርበትም። በአዊ በኩል፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፣ የታችኛው ክፍል ትምህርት በአዊኛ ይሰጣል። ልጅዎ በቤት የሚናገረው አዊኛ ከሆነ በአዊኛ የሚጀምር ትምህርት ቤት ቢፈልጉለት መልካም ነው፤ በቤት አማርኛ ብቻ የሚናገር ከሆነም አስቀድመው ከትምህርት ቤቱ ጋር ይነጋገሩ።

መመዘኛው ቀላል ነው። በጉብኝትዎ ቀን ከትምህርት ቤቱ ልጆች አንዱን በእረፍት ሰዓት «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?» ብለው ይጠይቁት። ረዘም አድርጎ ቢነግርዎ፣ ጓደኛው ጣልቃ ገብቶ ቢያርመው፣ ሁለቱ ቢከራከሩ ጥሩ ቦታ ደርሰዋል። ከዚያ «ተረት ተረት» ይበሉ። «የላም በረት» ብሎ ወዲያው የሚመልስ ልጅ ተረት የለመደ ልጅ ነው። እንቆቅልሽ ቢሉትም እንዲሁ። ንባብ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፊደልን በተመለከተ ትዕግሥት ያስፈልጋል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 ድምፅ ሲወጡ 231 ይሆናሉ። በኅዳር ሁሉንም አስጽፎ ፈተና የሚሰጥ መዋዕለ ሕፃናት ልጁን እያስመረረው ነው። ደብተር ሙሉ የቤት ሥራ፣ ደረጃ የሚያወጣ ካርድ፣ «አንደኛ ወጣ» የሚል ሽልማት ለዚህ ዕድሜ አይመቹም። በግሉ ዘርፍ ይህ ይበዛል፤ ጥሩዎቹ ግን አያደርጉትም፣ ስለዚህ ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ የዓመቱን ሙሉ ወጪ በወረቀት ላይ ያስፍሩ

ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ሰምተው አይወስኑ። ለስሌት ያህል የራሴን ቁጥሮች ልውሰድ፤ እርስዎ በሠፈርዎ ዋጋ ይተኩት። ወርሃዊ ክፍያ 900 ብር ቢሆን በ10 ወር 9,000 ይሆናል። ባጃጅ በወር 800 ቢሆን 8,000። ምዝገባ 600፣ ዩኒፎርም 1,200፣ መጽሐፍና ቁሳቁስ 1,000። ድምሩ 19,800 ብር፤ ለሁለት ዓመት 39,600 ብር። የወርሃዊ ክፍያው 900 ሲባል ቀላል ይመስል ነበር። ታናሽ ልጅ ካለ እሱንም አብረው ያስሉ። ክፍያው በየዓመቱ ይጨምር እንደሆነ፣ ጭማሪውም ወላጆች በተሰበሰቡበት ይነገር እንደሆነ ይጠይቁ።

በመንግሥቱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ወጪ የለም ብለው አይግቡ። መዋጮ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ለጥበቃ ወይም ለረዳት የሚሰበሰብ ገንዘብ ሊኖር ይችላል። ከርእሰ መምህሩና ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ይወቁት።

ገቢዎ ከእርሻ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ገንዘብ የሚመጣው እህል ሲወቃ፣ ታኅሣሥና ጥር አካባቢ ነው፤ የምዝገባ ወጪው ግን የሚጠየቀው በክረምት፣ ጎተራ በሚጎድልበት ጊዜ ነው። የግል ትምህርት ቤቱ በየወሩ ከሚጠይቅ በየመንፈቀ ዓመቱ ይቀበል እንደሆነ ይደራደሩ። ለክፍያ ሲሉ ጤፉን በርካሽ ጊዜ የሚሸጡ ከሆነ ልጁን ኦ ክፍል አስገብተው የተረፈውን ለተረት መጻሕፍት፣ ለሞቀ ልብስና ለወተት ቢያውሉት እመርጣለሁ። ይህን የምለው ወጪ ለማሳነስ ብቻ አይደለም። ወላጅ በክፍያ ተጨንቆ የሚነጫነጭበት ቤት ልጁንም ይጎዳዋል።

ደረጃ 7፦ ሰነዱን ይጠይቁ

የግል ከሆነ የእውቅና ፈቃዱ ታድሷል ወይ ይበሉ፤ በግልጽ የተሰቀለ መሆን አለበት። ሁለቱንም በሚመለከት ደግሞ የኢንስፔክሽን ደረጃቸውን ይጠይቁ። ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ ደረጃ 3 እና 4 ስታንዳርዱን ያሟሉ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ካልነገረዎ የወረዳው ወይም የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይነግርዎታል።

ደረጃ 8፦ ትምህርት ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ይስማሙ

ባለፉት ዓመታት በጎጃም በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የተዘጉባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ትንንሽ ልጆቻችን የከፈሉት ዋጋ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሲመዘገቡ እነዚህን በግልጽ ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ወር ተማሩ? መንገድ ሲዘጋ ወላጅ የሚነገረው በምንድን ነው፣ በስልክ ነው? ልጆች ክፍል ውስጥ እያሉ ችግር ቢነሣ ማን ያቆያቸዋል፣ ለማንስ ነው የሚያስረክበው? የተከፈለ ገንዘብ ለተዘጋው ወር ይታሰባል? ልጁን የሚረከቡትን ሁለት ሰዎች ስምና ስልክ በጽሑፍ ይስጡ። ለልጁም የአባቱን ስም፣ የሠፈሩን ስምና አንድ ስልክ ቁጥር በዜማ ያስጠኑት።

መዋዕለ ሕፃናት ጨርሶ ክፍት በሌለበት ቦታ ያሉ ወላጆች፣ በሠፈር አራት አምስት ልጆች ሰብስበው ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ተረት፣ ቆጠራና ፊደል ቢያስተምሩ ለአንደኛ ክፍል የሚበቃ መሠረት ይጥላሉ። ከፍ ያለ ክፍል የደረሰች እኅት ወይም የጎረቤት ልጅ ይህን መሥራት ትችላለች።

ደረጃ 9፦ ይወስኑ

ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ የእኔ አመዛዘን እንዲህ ነው። በቅርብ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ወይም ኦ ክፍል ካለ፣ መምህርቷም የተረጋጋችና ልጆችን የምታናግር ከሆነች፣ ልጁም 5 ወይም 6 ዓመቱ ከሆነ እዚያ ያስገቡት። ሁለታችሁም ቀኑን ሥራ የምትውሉ ከሆነ፣ መንግሥቱ ደግሞ በግማሽ ቀን የሚለቅ ከሆነ፣ ወይም ክፍሉ ተጨናንቆ መምህርቷ ብቻዋን ከሆነች የግሉን ይምረጡ፤ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያጫውተውን። እጅግ የሚያምር የግል ትምህርት ቤት ልጆቹን ዝም አሰኝቶ የሚያስጽፍ ከሆነ፣ ክፍያውን ቢችሉት እንኳ ይለፉት። ባልና ሚስት ካልተስማማችሁ ደግሞ ሁለታችሁም አንድ ቀን ክፍሉን ሄዳችሁ እዩት፤ በቤት ተቀምጦ በስሚ መከራከር መፍትሔ አይሰጥም።

ደረጃ 10፦ ካስገቡ በኋላ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ልቅሶ አይፍሩት። ልጁን ሸውደው አይጥፉ፤ ተሰናብተው፣ መቼ እንደሚመለሱ ነግረው ይሂዱ፣ ባሉት ሰዓትም ይድረሱ። ማታ «ምን ተማርህ?» ከማለት ይልቅ «ከማን ጋር ተጫወትህ? ማን አለቀሰ? መምህርት ምን አለች?» ይበሉት።

እስከ ኅዳር ድረስ ይጠብቁና ይመዝኑ። ልጁ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ የሚል ከሆነ፣ መምህርቷን ስም ጠርቶ የማያወራ ከሆነ፣ ሱሪውን እያረጠበ የሚመለስ ከሆነ ወይም በአሻንጉሊቱ ላይ እጁን አንሥቶ «ዝም በል!» እያለ የሚጫወት ከሆነ ሄደው መምህርቷን በግል ያነጋግሩ። መልሷ ካላረካዎ ርእሰ መምህሩን፣ ከዚያም ኅብረቱን ያነጋግሩ። ካልተስተካከለ ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀምር ማዛወር ይቻላል። የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ የልጁን የመሸኛ ወረቀትና የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዘው ወደ አዲሱ ይሂዱ። ለልጁም ከሳምንት በፊት ይንገሩት፤ ከመጀመሩ በፊትም አንድ ጠዋት ይውሰዱትና መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ውኃው የት እንደሚገኝ፣ አዲሷ መምህርቱ ማን እንደሆነች ያሳዩት።